ተንጠልጥሎ የጠበቀ ብሎን

ወጌሻ ነው የሚሉት። እውነተኛ ስሙን የሚያውቁት ሚስቱና መታወቂያው ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም። የሰው አጥንት ነክቶ አያውቅም፤ እሱ የሚያሸው የመኪና እግር ነው። መሪው ወደ አንድ ጎን የሚጎትትበት፣ ፊቱ የሚንቀጠቀጥበት፣ ጉድጓድ ባገኘ ቁጥር እንደ አሮጌ አልጋ ሲጥ ሲጥ የሚልበት ባለመኪና ሁሉ የትም ዞሮ ዞሮ መጨረሻው እሱ ዘንድ ነው። «ወጌሻው ይየው» ይባላል፣ አለቀ። እሱም ጎማውን በሁለት እጁ ይዞ ወዲህ ወዲያ ወዝወዝ ያደርገውና ጆሮውን ቀና አድርጎ ያዳምጣል። ከዚያ፣ «የታችኛው ቴስቲኒ ነው» ይላል። ቴስቲኒ ማለት ጎማው እንደልቡ እንዲዞር የሚያደርገው የመገጣጠሚያ ኳስ ነው፤ ጉልበት በሉት። ሲፈታም እውነትም የታችኛው ቴስቲኒ ሆኖ ይገኛል። እንዲህ ያለ ሰው ትንሽ ቢኮራ ማን ይፈርድበታል? ወጌሻውም ይኮራል፣ ያውም በደንብ አድርጎ።

ጋራዡ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ሰፊ ግቢ ነው። መሬቱ ዘይት ጠጥቶ ጠጥቶ ጠቁሯል። መሀሉ ላይ ሰው ገብቶበት ከመኪና ሥር ቆሞ የሚሠራበት ጉድጓድ አለ። ግድግዳው ላይ ቁልፎቹ በየመጠናቸው ተሰቅለዋል፤ ከእያንዳንዱ ቁልፍ ጀርባ የራሱ ቅርጽ በነጭ ቀለም ተሥሏል፣ የጎደለው ከሩቅ እንዲታወቅ። የግራው ጥግ የላሜራ ሠራተኛው ነው። ይኼ ሰው ቀኑን ሙሉ ቆርቆሮ ሲደበድብ ይውላል፤ አፉም ከመዶሻው አያንስም፣ ጥርስ አያስከድንም። የተጋጨ መኪና በገባ ቁጥር፣ «ወጌሻ፣ አንተ እግሩን ጠግን፣ እኔ ፊቱን ላሳምርለት፤ ከዚያ እንድረዋለን» ይላል። ወጌሻውም በሰማው ቁጥር እንደ አዲስ ይስቃል።

አሁን ወደ ጋሼ እንምጣ። ጋሼ የሚላቸው ታላቅ ወንድሙ ናቸው። አባታቸው ሲሞት ወጌሻው ገና የወተት ጥርሱን ያልጨረሰ ልጅ ነበር፤ ያሳደጉት ጋሼ ናቸው። ያሳደጉትም በአንዲት ፒካፕ ነው። ፒካፗ ድሮ ሰማያዊ ነበረች ይባላል። አሁን ቀለሟን ፀሐይ ልሶታል፤ የበሯ መዝጊያ ካልተባበሩት አይዘጋም፤ መቀመጫዋ ግን በጋሼ ልክ ጎድጉዶ ሌላ ሰው ሲቀመጥበት ይቆረቁራል። ጋሼ በፒካፗ፣ ቤት የሚቀይሩ ሰዎችን ዕቃ ያጓጉዛሉ። አልጋውን፣ ቁም ሳጥኑን፣ ፍራሹን፣ የአማትን ትልቅ ፎቶግራፍ በጥንቃቄ አስረው ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው ያደርሳሉ። «በዚህ አገር የማን አልጋ እግሩ እንደተሰበረ የማውቀው እኔ ነኝ፤ ግን አልናገርም» ይላሉ፤ ወዲያው ደግሞ ይናገራሉ። ወጌሻው መንዳት የተማረው በእሷ ነው። ሙያውንም የጀመረው በእሷ ሥር ተጋድሞ፣ ጋሼ ቁልፍ አቀብለኝ ሲሉት እያቀበለ ነው።

ያ ቀን ፀሐያማ ነበር፤ ጋራዡ ሰው በዝቶበታል። ፒካፗ ፊቷ ከተነካ ዘመን አልፎት ስለነበር ወጌሻው ሙሉ በሙሉ ሊሠራላት ወስኗል። ፊቷን በክሪክ አንስቶ፣ ደግፎ፣ ጎማዎቹን አውልቆ፣ እንዳይስፈነጠሩ ተጠንቅቆ ጥቅልሎቹን የብረት ሞላዎች አወጣ። ቴስቲኒዎቹን ቀየረ። ጎማውን ከመኪናው ጋር የሚያያይዙትን ክንዶች አውርዶ ዝገታቸውን ፍቆ፣ በየጫፋቸው ያለውን ያረጀ ጎሚኒ እየመታ አስወጣ። ጎሚኒ ማለት ክንዱ ብረት ለብረት እንዳይፋተግ መሀል የሚገባ ወፍራም ላስቲክ ነው። አዲሱን አስገባበት። እስከዚህ ድረስ ሥራው የሱ ሥራ ነበር፣ የሚያምር።

ጋሼ ግን ሳጥን ገልብጠው ከአጠገቡ ተቀምጠዋል። ጋሼ ከተቀመጡ ዝም አይሉም።

«ግሪስ አደረግህበት?»

«አድርጌያለሁ ጋሼ።»

«የብሎኑን ቀዳዳ ጠርገሃል?»

«ጠርጌያለሁ።»

«እስቲ አሳየኝ።»

ወረፋ የሚጠብቁ ሁለት ደንበኞች ቆመው ያያሉ። የላሜራ ሠራተኛው መዶሻውን አስቀምጦ፣ «ወጌሻ፣ ዛሬስ ተቆጣጣሪ መጣብህ!» አለና ደንበኞቹን አሳቃቸው። ወጌሻው ጸጉሩ የሸበተ፣ የልጆች አባት የሆነ ሰው ነው። ፊቱ ጋለ። ለወንድሙ መልስ መስጠት ነውር ነው፣ አልሰጠም፤ ግን እልሁ እጁ ላይ ወረደ። ይችን ፒካፕ ቶሎ ጨርሶ ጋሼን ከነሳጥናቸው ቢያሰናብታቸው ነው የፈለገው።

እዚህ ሥራ ላይ አንድ ሕግ አለ፤ ይህን ሕግ ደግሞ ከወጌሻው በላይ የሚያውቅ፣ ከወጌሻውም በላይ በሌላው ላይ የሚጮህበት የለም። መኪና ተሰቅሎ ጎማው ሲንጠለጠል ክንዶቹ ወደ ታች ያዘነብላሉ። በዚያ ሁኔታ ብሎኑን ካጠበቅከው ጎሚኒው እንደተንጠለጠለ ይታሰራል። መኪናው ሲወርድና ክብደቱ ሲያርፍበት ክንዱ ወደ ላይ ይነሳል፤ የታሰረው ላስቲክ ግን አብሮ መዞር ስለማይችል ይጠማዘዛል። ቆሞም ተጠማዝዞ፣ እየሄደም ተጠማዝዞ ይኖራል፤ አንድ ቀን ይበጠሳል። ስለዚህ ብሎኑ በእጅ ብቻ ይያዛል፣ መኪናው ይወርዳል፣ በራሱ እግር ይቆማል፣ የመጨረሻው ማጥበቅ የሚደረገው ያኔ ነው። ይኸው ነው።

ወጌሻው ፒካፗ በአየር ላይ እንዳለች ብሎኑን አጠበቀው። በረጅሙ ቁልፍ፣ በሙሉ ጉልበቱ፣ እልሁን ጭምር አጠበቀው። «ቆይ፣ ስትወርድ አላልቼ እንደገና አጠብቀዋለሁ» አለ በልቡ። ጎማዎቹ ታሰሩ፣ ክሪኩ ወረደ። ጋሼ ብድግ ብለው ገቡ፣ ሞተሩን አስነሱ፣ አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው፣ «በቃ አይደል?» አሉ።

«ቆይ» የሚለው ቃል ምላሱ ላይ ነበር። ግን ቆይ ማለት ተሳስቻለሁ ማለት ነው፤ ያውም ያን ሁሉ «አድርጌያለሁ፣ አውቃለሁ» ካለ በኋላ፣ ያውም በሰው ፊት። ቃሉን ዋጠና፣ «በቃ» አለ። ጋሼ ጥሩምባ ነፍተው ወጡ። አይ ወጌሻ! አንድ ቃል እኮ ነው!

ብዙም ሳይቆይ ጋሼ ተመልሰው መጡ። ከመኪናዋ አልወረዱም፤ «ፊቷ ከፍ አለ መሰለኝ፣ ደረቅ ብላብኛለች። ጠጠር ሳይቀር ጥርሴ ላይ ይሰማኛል» አሉት።

«አዲስ ጎሚኒ ነው ጋሼ። ይለምደዋል።»

ይለምደዋል! በጋራዥ ቋንቋ እንደዚህ ያለ ምቹ ቃል የት ይገኛል? ድምፅ ካለው ይለምደዋል፣ ከጠነከረ ይለምደዋል፣ ከሸተተም ይለምደዋል። ጋሼ ግን አመኑት። ወንድሜ ካለ ካለ ነው ብለው ሄዱ። ወጌሻውም ለራሱ፣ ነገ ከነገ ወዲያ ጎራ ሲሉ አንድ ሰበብ ፈልጌ አስተካክላታለሁ አለ። ጎራ ሲሉ ሥራ በዝቶበት፣ ሥራ ሲቀንስ ጋሼ ሳይመጡ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ነገሩ ከሐሳቡ ወጣ። ይህን ስል እያማረርኩበት እንደሆነ ይታወቅልኝ። አንድ ብሎን ማላላት የሚፈጀውን ጊዜ እሱ ሻይ ሲያማስል ያጠፋዋል።

ወራት አለፉ። አንድ ጠዋት ጋሼ የሰው ቁም ሳጥን ጭነው በገበያው መንገድ ሲያልፉ ከፊታቸው ዘንቢል የያዘች ሴት ድንገት ገባች። ፍሬን ያዙ። ፒካፗ ወደ ግራ ዘላ፣ የእግረኛውን መንገድ ወጥታ፣ ከአንድ መድኃኒት ቤት ደረጃ ጋር ተላተመች። ሰው አልተጎዳም። ነገር ግን ከደረጃው ማዶ ሕፃን ያዘለች እናት ቆማ ነበር፤ ጮኸች፤ ጩኸቷን ሰምቶ ሰው ተሰበሰበ። «ሽማግሌ ነው እኮ! ምን ብለው ነው መሪ የሚሰጡት!» አለ አንዱ። «ዓይናቸው አያይም ማለት ነው» አለ ሌላው። ጋሼ መሪውን እንደያዙ ድርቅ ብለው ቀሩ። መውረድ አቅቷቸው ያወረዷቸው ሌሎች ሰዎች ናቸው።

ፒካፗ ተጎትታ ጋራዡ መጣች። ወጌሻው ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ የእጅ ባትሪውን ወደ ላይ አበራ። የግራው የታችኛው ጎሚኒ ውሻ ያኘከው ይመስል ተቦጫጭቋል። ክንዱ ከቦታው ተንፏቅቆ ብረት ብረትን ፍቆ ያበራል። ፍሬን በተያዘ ቁጥር ክንዱ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ጎማውም ወደ ግራ ይጎትታል። እንዲህ ስትሆን የወጣት እጅም አይዛትም። ማስረጃ አላስፈለገውም፤ የራሱ እጅ ሥራ ነው።

«ምነው ወጌሻ፣ ከጉድጓዱ ውስጥ አበዳሪ አየህ እንዴ?» አለው የላሜራ ሠራተኛው ፊቱን አይቶ። ወጌሻው ባትሪውን አጠፋ።

በዚህ መሀል የጋሼ ልጅ ከመሥሪያ ቤቷ በቀጥታ መጣች። አንድ ልጃቸው ናት፤ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ደንግጣ፣ ደክማ።

«አጎቴ፣ እውነቱን ንገረኝ» አለችው። «መኪናዋ ናት ወይስ አባዬ?»

ወጌሻው እጁን በጨርቅ ጠረገ። የጠረገውን እጅ ደግሞ ጠረገው። «ያው . . . መኪናዋም አርጅታለች» አለ። «ዕድሜም አለ።»

ዕድሜም አለ! ልጅቱ ራሷን ነቀነቀች፣ ዓይኗ እንባ ሞላ። «እኔም ስፈራው የነበረው ይሄን ነው» አለችና የመኪናዋን ቁልፍ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ወጌሻው እስከ በር ሸኛት። የላሜራ ሠራተኛው የተጨማደደውን ፌንደር፣ የጎማውን መሸፈኛ ቆርቆሮ፣ አቃንቶ ቀባው። ፒካፗ ከግቢው ጥግ ሸራ ለብሳ ቆመች። ወጌሻው ጎሚኒውን ማንም ሳያይ ሊቀይረው ይችል ነበር፤ ግን ወደዚያ ጥግ መሄድ ራሱ ከበደው።

ጋሼ ቤታቸው ተቀመጡ። መጀመሪያ ደክሟቸው ነው ተባለ፤ ኋላ ግን ሁሉም አየው፤ ቅስማቸው ተሰብሯል። ድሮ መንገዱን ከሚያሳየው መስኮት አጠገብ ተቀምጠው የሚያልፈውን መኪና ሁሉ በድምፁ የሚለዩት ሰው፣ ወንበራቸውን አንስተው ወደ ውስጥ ገቡ። መንገድ ለመሻገር የሚስታቸውን ክንድ ይይዛሉ። ሻይ ሲቀዳላቸው የሞላ ብርጭቆ አያነሱም። አንድ ቀን ዳቦ ለመቁረጥ ቢላዋ አንሥተው መልሰው አስቀመጡና፣ «አንቺ ቁረጪልኝ» አሉ። እነዚያ እጆች እኮ ቁም ሳጥን ለብቻቸው ያነሱ የነበሩ ናቸው።

ወጌሻው እሑድ እሑድ ይጠይቃቸዋል። አንዱን እሑድ ጋሼ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው እያገላበጡ እንዲህ አሉት፦ «ፍሬን ያዝኩ። መሪውን ቀጥ አድርጌ ይዤ ነበር፤ ማለቴ፣ የያዝኩ ይመስለኛል። ለካ እጄ ወደ ግራ ወስዷታል። ሳላዝዘው! ያቺ ሕፃን ያዘለችው እናት ከዓይኔ አልጠፋ አለች። ሰው የገዛ እጁን ካላመነ ምኑን ይመን?»

ወጌሻው ሻዩን አየው። ሻዩ ቀዝቅዟል። «አይዞዎት ጋሼ» አለ።

ሊወጣ ሲል የጋሼ ሚስት እስከ በር ሸኙት። እትዬ ነው የሚላቸው፤ እንደ እናት ናቸው፣ ሲያድግ ልብሱን ያጠቡለት እሳቸው ናቸው። እጁን ይዘው፣ «ደግ አደረግህ ወንድሜ» አሉት። «አንተ ባትናገር ኖሮ መንዳቱን አይተዉም ነበር። እኛን የት ይሰሙናል?» ምስጋና እንደዚህ ሲያቃጥል ወጌሻው አይቶ አያውቅም። መንገዱን ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

ዝም ያለው ለጋራዡ ስም ብቻ ብሎ እንዳይመስላችሁ። ቢሆንማ ይሻለው ነበር። ሌላ ማመካኛ አገኘ፦ በዚህ ዕድሜ ቢያቆሙ ለራሳቸው ነው፣ ቤተሰቡም ተስማምቷል፣ አሁን ቢነገራቸው ተመልሰው መንገድ ሊወጡ ነው፣ አንድ ቀን የባሰ ነገር ቢመጣስ? ሆድ ይፍጀው አለ። ይህ ማመካኛ እንደ ሞቀ ብርድ ልብስ ነው፤ ከሥሩ መውጣት ያስጠላል። ሚስቱ ግን፣ «ምን ሆነሃል አንተ? ጎርሰህ መዋጥ ትረሳለህ» አለችው። ጥርሴን አሞኝ ነው አላት። እንግዲህ ውሸቱ ቤት ድረስ ገባ ማለት ነው።

ከዚያ የጋሼ ልጅ ስልክ ደወለች። «አጎቴ፣ ለፒካፗ ገዢ አገኘሁ። ነገ ጋራዥ መጥቶ ያያታል። አባዬም እሺ ብሏል።»

«እሺ አሉ?»

«እሺ አለ። ምንም አልተከራከረም።»

ያን ጊዜ ነው የወጌሻው ልብ ውልቅ ያለው። ጋሼ እኮ በሩን ጠንከር አድርጎ የዘጋባቸውን ሰው ሳምንት የሚያኮርፉ ናቸው! ቢጮሁ፣ ቢሳደቡ፣ በመቃብሬ ላይ ቢሉ ኖሮ ዝም ብሎ ይቀጥል ነበር ይሆናል። እሺ ማለታቸውን ግን አልቻለውም።

ስልኩን ዘግቶ ሸራውን ገፈፈ። ወረፋ የያዙትን ደንበኞች፣ «ዛሬ የለም» አላቸው። ፊቷን አነሳ፣ ጎማዎቹን አወለቀ፣ ሞላዎቹን አጥብቆ አስሮ አወጣ። የግራውንም የቀኙንም ጎሚኒ በሙሉ አውጥቶ በአዲስ ተካ። ቀኙም ሊበጠስ ጥቂት ነበር የቀረው። ክንዶቹን መልሶ ብሎኖቹን በእጁ ብቻ ያዛቸው። ጎማዎቹን አሰረ፣ ክሪኩን አወረደ። ፒካፗ በራሷ እግር ቆመች። ፊቷን ተጭኖ ተጭኖ ወዘወዛትና ቦታዋን እስክትይዝ ጠበቀ። ከዚያ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ፣ ክብደቷ ከራሱ በላይ እንዳረፈ፣ አንድ በአንድ አጠበቀ። ቀላል ሥራ ነበር፤ ላብ እንኳ አላላበውም። ይቺን ነው እንግዲህ የከለከላቸው።

ከድሮ ጀምሮ እሱ ዘንድ ባለው ትርፍ ቁልፍ አስነስቶ ወደ መንገድ አውጥቷት ፈጠን ብሎ ነድቶ፣ መሪውን ለቆ ፍሬን ያዘ። ቀጥ ብላ ቆመች።

ሲመለስ የላሜራ ሠራተኛው ከጠረጴዛው ላይ የተቦጫጨቀውን ጎሚኒ አንስቶ እያገላበጠ ነበር። «ይኼ እኮ ተንጠልጥሎ የጠበቀ ነው» አለ። «እኔ የቆርቆሮ ሰው እንኳ አውቀዋለሁ። የትኛው ደንቆሮ ነው የሠራው?»

«እኔ ነኝ።»

ቀልደኛው ሳቀ። ቀና ብሎ ሲያየው ሳቁን አቆመ። «ጋሼ ያውቃሉ?»

«አያውቁም።»

«እኔ ደግሞ ፌንደሩን እያቃናሁ፣ ሽማግሌው ግድግዳ ሊስሙ ሄደው ነው ስል . . .» አለና መዶሻውን መሬት ጣለው። «ምን ትቆማለህ? ሂድ! ቱታህንም አታውልቅ፣ ሂድ!»

በፒካፗ ሄደ። ጋሼ ውስጥ ተቀምጠዋል፣ እትዬ ልብስ ያጣጥፋሉ፣ ልጅቱም አለች። ወጌሻው አልተቀመጠም። የተበጠሰውን ጎሚኒ በእጁ እንደያዘ ሁሉንም ተናገረ፤ በአየር ላይ ማጥበቁን፣ «ይለምደዋል» ማለቱን፣ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ያየውን፣ «ዕድሜም አለ» ማለቱን። ምንም አላስቀረም።

«ጠይቄህ ነበር!» አለች ልጅቱ ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ። «ዓይን ዓይንህን እያየሁ ጠይቄህ ነበር እኮ አጎቴ! መኪናዋ ናት ወይስ አባዬ አላልኩህም?»

«ብለሽኛል።»

«ምነው! ምነው ልጄ!» አሉ እትዬ። ያጣጠፉትን ልብስ መልሰው በተኑት።

ጋሼ እጃቸውን ዘረጉ። ጎሚኒውን ተቀብለው በአውራ ጣታቸው የተቀደደውን ዳሰሱት። ረጅም ጊዜ ዳሰሱት። «ተንጠልጥላ ሳለች?» አሉ።

«አዎ ጋሼ።»

«እኔ ቁጭ ብዬ እያየሁህ?»

«አዎ።»

«ግሪሱን ስጠይቅህ ይሄን ሳልጠይቅህ!» አሉና ትንሽ ሳቁ። ከዚያ ቀና ብለው አዩት፤ ዓይናቸው እንደ ድሮው ነበር። «ታዲያ እጄ አይደለማ?»

«አይደለም ጋሼ። እጅዎ ምንም አልሆነም። ማንም ቢነዳት ያው ነበር።»

«ጫማዬን ስጡኝ» አሉ ጋሼ።

ማንም አልተቃወመም። ልጅቱ ጫማቸውን ራሷ አሰረችላቸው፤ እያለቀሰች ነው፣ ደግሞ ትስቃለች። ጋሼ በሩን እንደ ልማዳቸው አባብለው ከፍተው በጎደጎደው መቀመጫቸው ላይ ተቀመጡ። ወጌሻው ከጎናቸው ገባ። ሞተሩ ተነሣ። የመጀመሪያውን መንገድ ጋሼ ቀጥ አድርገው ነዱት፤ ጠጠሩን አለፉት፣ ጉድጓዱን አለፉት። «ለስላሳ ሆናለች» አሉ። ወጌሻው ከስንት ጊዜ በኋላ ትንፋሹን ለቀቀ።

ወደ ሰፊው መንገድ ሲደርሱ፣ ገና ሩቅ፣ አንዲት ሴት ከእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ ቆማ ታየች። ጋሼ ፍሬን ያዙ። ፒካፗ ቀጥ ብላ፣ ፀጥ ብላ ቆመች።

«አዩ? አዩ ጋሼ? አንዲት ጣት ወደ ጎን አላለችም!»

ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሴትየዋ ተሻግራ ሄደች። መንገዱ ባዶ ሆነ። ፒካፗ አልተንቀሳቀሰችም። ከኋላ ጥሩምባ ተነፋ።

«ማንም የለም ጋሼ።»

«አያለሁ።»

«ይሂዱ እንግዲህ።»

«እግሬን እያዘዝኩት ነው» አሉ ጋሼ። ግንባራቸው በላብ ርሷል። ቀኝ እግራቸው ፍሬኑን እንደረገጠ ይንቀጠቀጣል። እንደምንም አነሡት፤ ፒካፗ ጥቂት ተንፏቀቀች፤ ከፊት ምንም ነገር ሳይኖር እንደገና ረገጡት። ከኋላ ያለው ሾፌር አልፏቸው ሲሄድ በመስኮት አንድ ነገር ጮኸ። ጋሼ ደግመው ሞከሩ፣ ደግመው ቆሙ። ከዚያ የእጅ ፍሬኑን ሳቡ፣ በሩን ከፈቱ፣ የሞተሩን ክዳን እየተደገፉ በፊት በኩል ዞረው ወደ ወጌሻው በር መጡ።

«ጠጋ በል» አሉት። «አንተ ንዳ።»

«ጋሼ፣ ቀስ በቀስ . . . ነገ እንደገና . . .»

«ጠጋ በል አልኩህ።»

ወጌሻው ተጠጋ። መቀመጫው ቆረቆረው። ጋሼ ገብተው በሩን ዘጉና የበሩን እጀታ ጨብጠው ያዙ። ወደ ፊት እያዩ፣ «መቼ ነው ያወቅኸው?» አሉት።

«የተጋጨች ዕለት። እዚያው ጉድጓድ ውስጥ።»

«ያን ዕለት ብትነግረኝ ኖሮ እረግምህ ነበር» አሉ ጋሼ። «አባትህን ሳይቀር እሰድብ ነበር፣ የኔም አባት ቢሆን። በማግስቱ ደግሞ እነዳ ነበር።»

ይህን ሲሉ አልተቆጡም። ቢቆጡ፣ ቢሰድቡት፣ በጥፊ ቢሉት ወጌሻው ምንኛ በወደደ! መኪናዋን አስነስቶ ዞረ። ፒካፗ ክር እንደሳቡባት ቀጥ ብላ ሄደች። በየመታጠፊያው የጋሼ ቀኝ እግር፣ ፍሬን በሌለበት፣ ባዶውን ወለል ይረግጥ ነበር።

ቤት ደርሰው ሲቆሙ ልጅቱና እትዬ በር ላይ ቆመው እየጠበቁ ነው። ከመሪው የወረደው ማን እንደሆነ ሲያዩ ፊታቸው ወረደ። ጋሼ እጃቸውን ከእጀታው አላቅቀው ትንሽ ተቀመጡ።

«ነገ ገዢው ሲመጣ አንተ አነጋግረው» አሉት። «ፊቷ በደንብ ተሠርቷል፣ እኔ ነኝ የሠራሁት በለው። ያምንሃል።»